ለማሽኑ ብዬ ያጠጣኋት ውሃ

ልጄ «ሆዴን» ብትለኝ ኖሮ ያን ያህል አልደነግጥም ነበር። ከጋሪ ላይ የወደቀ ሰው ጎኑን ቢያመው፣ ሆዱን ቢቆርጠው ምን ይገርማል። እሷ ግን አልጋው ላይ እንደተጋደመች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እማ፣ ግራ ትከሻዬን» አለችኝ። ትከሻዋን አልተመታችም። ልብሷን ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ ጭረት እንኳ የለበትም። በእጄ ተጫንኩት፤ አላመማትም። ስትተነፍስ ግን ከውስጥ እንደሚወጋት ነገረችኝ። ያኔ ልብሷን መልሼ ሸፈንኩና ብድግ አልኩ። ዙሪያዬን የቆሙት ጎረቤቶች ምን እንዳስደነገጠኝ አልገባቸውም። ጣፊያው የተሰነጠቀ ሰው ትከሻውን እንደሚያመው እኔ ከሦስት ሳምንት በፊት ሰምቼ ነበር፤ የሰማሁትም የራሴን ሆድ ገልጬ፣ በጀርባዬ ተኝቼ ነው።

እንዴት እንደሰማሁት ልናገር፤ አለበለዚያ የኋላው ነገር ግራ ያጋባል።

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ባለቤቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ስለነበር ቤት የሚገኘው በወር ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። እኔ ቦሌ በኩል ባለ አንድ ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ከወሎ ሰፈር ጎህ ሲቀድ ወጥቼ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ድንገተኛ ክፍሉን፣ ኮሪደሩን፣ አንዳንዴም የኦፕራሲዮኑን ክፍል ስወለውል እውላለሁ። በረኪናው ጣቶቼን ልጧቸው፣ ማታ ቤት ስገባ የበር ቁልፍ ማዞር ያመኝ ነበር። ያለችን ልጅ አንዲት ናት፤ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ጽሕፈቴ እንደምታዩት ነው።

በዚያ ዓመት ወደ ድንገተኛ ክፍላችን በጎማ የምትገፋ ትንሽ አልትራሳውንድ መጣች። ከዚያ በፊት አልትራሳውንድ የሚባለው ፎቅ ላይ ያለ ጨለማ ክፍል ነበር፤ በሽተኛው ወደ እሱ ይሄዳል እንጂ እሱ ወደ በሽተኛው አይመጣም። መኪና የገጨው ሰው እንኳ ከነፍሰ ጡሮች ጋር ተራ ይጠብቅ ነበር። ከማሽኗ ጋር አንድ ሽማግሌ ሐኪም መጡ፤ ብዙ ዓመት ውጭ አገር ሠርተው የተመለሱ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ወጣቶቹን ሐኪሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይሰበስቡና ያስተምሯቸው ነበር። ፎቅ ያለውን ሐኪም አትጠብቁ፣ በሽተኛው አልጋው ላይ እንዳለ እናንተው በእጃችሁ እዩት ነው ነገሩ።

ታዲያ በታመመ ሰው ላይ መለማመድ አይሆንም አሉ። መጀመሪያ የጤነኛ ሰው ሆድ አይታችሁ ካልጠገባችሁ የታመመውን አታውቁትም አሉ። ጤነኛ ከየት ይምጣ? ዘበኞቹን ጠየቁ፤ ሆዳችንን አንገልጥም ብለው እምቢ አሉ። የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ ወደ እኛ ወደ ጽዳቶቹ መጣች። እኔ መጀመሪያ ከበደኝ፤ ሆዴን ከባሌ በቀር ማን አይቶት ያውቃል። በኋላ እኔን የሚያየኝ ሴት ሐኪም ብቻ ይሁን ብዬ ተስማማሁ። ሽማግሌውም መጋረጃ አስጋርደው፣ በአንሶላ አሸፍነው፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ አስገለጡኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ለሦስት ሰዓት መወልወያ ከመያዝ መጋደሙን መርጬ ነው። በሕይወቴ በቀን የተኛሁት በእነዚያ ቅዳሜዎች ብቻ ነው።

ከወልቂጤ በኩል የመጣች ባልደረባ ነበረችኝ፤ ጎኔ ባለው አልጋ ላይ ተኝታ ለሐኪሞቹ ሁሉ ስም ታወጣለች። ያ ቀዝቃዛ ጄል ሆዷ ላይ ሲፈስ፣ «እኛ ወለላቸውን እንወለውላለን፣ እነሱ ሆዳችንን ይወለውላሉ» ብላ ታስቀን ነበር። ስንስቅ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪሞቹ ደግሞ ዝም በሉ ይሉናል።

ለእኔ የደረሰችኝ ሐኪም ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ነበረች። ከሁሉም የዘገየችው እሷ ናት። የማሽኗን እጅ የጎድን አጥንቴ ላይ አጥብቃ ስለምትጫን ማታ ጎኔ በልዞ ይገኛል። ሽማግሌው ከኋላዋ ቆመው፣ «ሊጥ አይደለም የምታቦኪው፤ ቀስ» ይሏታል። እሷም ይቅርታ ትጠይቀኛለች፤ ወዲያው ደግሞ ትጫነኛለች። ብታሳምመኝም አልጠላኋትም። ላብ በላብ ሆና ስትታገል ሳያት ታሳዝነኝ ነበር።

የሽማግሌው አሠራር ልዩ ነው። ሐኪሙ ያየውን ነገር ለእሳቸው ከመናገሩ በፊት፣ ለተኛነው ለእኛ በአማርኛ ማስረዳት አለበት። «ገባዎት?» ብሎ ይጠይቃል። አልገባኝም ካልን እንደገና ይጀምራል። እንግሊዝኛ ጣል ሲያደርግ ሽማግሌው ያቋርጡታል፤ «በእንግሊዝኛ መደበቅ የለም፤ የተኛው ሰው ካልገባው አንተም አላየኸውም» ይሉታል። እኛም ከጊዜ በኋላ ለመድነው። አንዳንዴ ገብቶንም አልገባንም እንላለን፤ ጋደም እንዳልን ትንሽ እንድንቆይ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ከስክሪኑ ላይ ነገር መለየት ጀመርኩ። ጉበቴ ይኸ ነው፣ ኩላሊቴ ይኸ ነው፣ በሁለቱ መሀል ያለችው ነጭ መስመር ደግሞ መጋጠሚያቸው ናት። ጥቁር ሆኖ የሚታየው ውሃ ወይም ደም ነው፤ በጤነኛ ሰው በዚያ መስመር ላይ ጥቁር አይታይም። በግራ በኩል ጣፊያ አለ። ያቺ የኔዋ ሐኪም አንድ ቅዳሜ፣ ጣፊያው የተሰነጠቀ ሰው ትከሻውን ሊያመው ይችላል አለችኝ። ሆዱ የተመታ ሰው ለምን ትከሻውን ያመዋል ብዬ ጠየቅኋት፤ እውነትም አልገባኝም ነበር። ሦስት ጊዜ አስረዳችኝ። ደሙ ከሳንባ በታች ያለውን ስስ ሥጋ ሲነካው ሕመሙ የሚሰማው ትከሻ ላይ ነው አለች። በሦስተኛው ገባኝ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንድ ነገር ግን በአማርኛ ያስረዳኝ አልነበረም፤ እሱም ውሃው ነው። ከመተኛታችን በፊት ብዙ ውሃ ጠጥተን፣ ሽንታችንን ይዘን እንድንቆይ ይነግሩናል። አንድ ቅዳሜ ሳልጠጣ ገባሁ። ሐኪሟ ከእምብርቴ በታች ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች። ምንም አይታይም፣ ጠጥተው ይመለሱ ተባልኩና ፊኛዬ እስኪሞላ ኮሪደር ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። እንግዲህ እኔ የያዝኩት፣ ውሃ ያልጠጣ ሰው ለማሽኗ አይታይም የሚለውን ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞ ሁሉን ነገር መጠየቅም ያደክማል።

አሁን ወደዚያ እሁድ ልመለስ።

ልጄን ጎሮ፣ እህቴ ዘንድ ልኬያት ነበር። ጎሮ ያን ጊዜ እዚህም እዚያም ቤት የተሠራበት ሜዳ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ጭቃውን የሚሻገረው ጋሪ ብቻ ነው። ስትመለስ የተሳፈረችበት ጋሪ አንድ እግሩ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። የጋሪው ጠርዝ ግራ ጎኗን መታት። ተነሥታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ ታክሲ ይዛ መጣች። ቤት ገብታ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ፈረሱ ከሁሉም በፊት ተነሥቶ ሳር ይግጥ እንደነበር፣ ባለጋሪው እሷን ትቶ ፈረሱን ተጎዳህ ወይ ሲል እንደነበር ስታወራ እኔም ሳቅሁ። ጎኗን አየሁት፤ ቀላ ብሏል። ሥራ ሲበዛብኝ ሁሉ ነገር ቀላል መስሎ ይታየኛል፤ ትንሽ ጋደም በይ ብዬ ልብስ ማጠቤን ቀጠልኩ።

የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲሰማ ልቀሰቅሳት ገባሁ። ከንፈሯ ነጥቷል፣ ግንባሯ ቀዝቅዞ ላብ አውጥቷል። ድምፄን የሰሙ ጎረቤቶች ገቡ። አንዷ ድንጋጤ ነው አለች፤ ሌላዋ ወጌሻ እናስመጣ፣ ጎኗን ቢያሽላት ይለቃታል አለች። እኔም ወጌሻ ልጠራ አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። ትከሻዬን ያለችኝ ያኔ ነው።

ማንም እንዳይነካት አልኩና ሻሼን አሰርኩ። አንደኛው ጎረቤታችን ባለውይይት ታክሲ ነው፤ መኪናዋን ደጃፍ አቁሞ ሲያጥባት ነበር። የወሎ ልጅ ነው፤ እታለም ነው የሚለኝ። እኔ ለምን እንደቸኮልኩ ሳይጠይቅ ባልዲውን ደፍቶ ሞተር አስነሣ።

እንግዲህ ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ልጄን ሊያነሷት ሲሉ አቆምኳቸው። ማሽኗ ዘንድ ደርሰን «ምንም አይታይም፣ ጠጥታ ትመለስ» ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ። እኔ ጤነኛዋ ኮሪደር ላይ አንድ ሰዓት እችላለሁ፤ እሷ ግን አንድ ሰዓት የላትም። ስለዚህ በትልቁ ጣሳ ውሃ ቀዳሁና ራሷን ደግፌ አስጠጣኋት። ጥሟት ስለነበር የመጀመሪያውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ሁለተኛውን ሳመጣላት፣ «እማ፣ በቃኝ» አለች። ጠጪ፣ ለማሽኑ ነው አልኳት። እምቢ ስትል ተቆጣኋት። ሁለተኛውንም እያቃሰተች ጨረሰችው። ባለውይይቱ በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ ሆስፒታል የምሠራ ስለሆንኩ የማውቀው መስሎት አልከለከለኝም።

መንገዱን ብዙ አላስታውሰውም። ውይይት መኪና ውስጥ ወንበሩ ፊት ለፊት ነው፤ በአንደኛው ላይ አጋደምናትና እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ እንዳትወድቅ ያዝኳት። አትላስ ጋ ስንደርስ አንድ ሠርግ መንገዱን ዘግቶታል። ባለውይይቱ ጡሩምባውን ቢነፋ ሠርገኞቹ ደስ ያለው መስሏቸው እነሱም መልሰው ነፉለት። ወርዶ ሲለምናቸው አሳለፉን።

ድንገተኛ ክፍል ተረኛዋ ያቺ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትለማመድብኝ ወጣት ሐኪም ሆና ተገኘች። ያ ሁሉ ፈጣን ወጣት እያለ፣ እሁድን የምትሠራው እሷ ናት። ከእሷ ሌላ ሰው የለም ወይ ብዬ ነርሷን ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። እሷ ግን የልጄን እጅ ይዛ፣ የደም ግፊቷን ለካች፣ በሁለቱም ክንዷ ግሉኮስ አስገባች። ፎቅ ላውጣት ወይ ቢላት የቃሬዛው ሠራተኛ፣ አይ፣ ማሽኗን ወደዚህ ግፋልኝ አለችው።

ጄሉን ቀባቻትና በቀኝ በኩል ጀመረች። በዚህ ጊዜ አልተጫነችም። እኔ ራስጌ ቆሜ ስክሪኑን አያለሁ። ጉበቷ መጣ፤ ኩላሊቷ መጣ። በሁለቱ መሀል ነጭ መስመር መሆን የነበረበት ጥቁር ነበር። ጠባብ፣ እንደ ጥላ የሚያልፍ፣ ጥቁር። እሷ ከመናገሯ በፊት አየሁት። ወደ ግራ ዞረች፤ በጣፊያው ዙሪያ ያለው ደግሞ የበለጠ ሰፊ ነው። ከእምብርት በታችም አየች፤ እዚያ ጥቂት ብቻ ነው የቆየችው።

ወደ እኔ ዞረች። የለመደችውን ላለመተው ይሁን ወይም ሌላ የምትለው አጥታ፣ አላውቅም፣ እንደ ቅዳሜዎቹ አድርጋ ነገረችኝ።

«እትዬ፣ ሆዷ ውስጥ ደም አለ። ከጣፊያዋ ነው የሚመስለኝ። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን መግባት አለባት። ገባዎት?»

«አየሁት» አልኳት።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሆነ። ቀዳጁ ሐኪም እዚያው ግቢ ስለነበር ተጠራ፣ ደም ፍለጋ ተላከ፣ ባለውይይቱ እጅጌውን ሰብስቦ ከእኔ ውሰዱ አለ። አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ጥያቄ ታዥጎደጉድብኛለች። ዕድሜ፣ በፊት የታመመችው፣ መድኃኒት የማይስማማት እንደሆነ። እነዚህን መለስኩ። «ምግብም ውሃም ከቀመሰች ስንት ሰዓቷ ነው?» አለችኝ።

የአልጋዋን ብረት ያዝኩ።

ይህንን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ስንት ሰው ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዞ መጥቶ፣ ጠዋት ሻይ ጠጥቻለሁ በማለቱ ሲመለስ አይቻለሁ። ነገ ባዶ ሆድዎን ይምጡ ይባላል። ልጄን ነገ ትምጣ ቢሉኝ ነገ የለችም። ስለዚህ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም» አልኩ። ነርሷ ጻፈችው። ስትጽፈው እያየሁ ነው።

ቃሬዛውን መግፋት ጀመሩ። እኔ ጎኑን ይዤ እከተላለሁ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ በየቀኑ የምወለውለው ስለሆነ እያንዳንዱን ስንጥቅ አውቀዋለሁ። መሀል ላይ ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አንድ ሰውዬ በችኮላ ኦፕራሲዮን ገብቶ ነበር፤ መብላቱን ማንም አልነገራቸውም። ማደንዘዣው ሲወስደው አስመለሰ፣ ትውከቱም ወደ ሳንባው ገባ። ቢላ ሳይነካው ሞተ። ያንን ወለል የወለወልኩት እኔ ነኝ። ሰመመን ሰጪው ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ሰው ብቻ ቢነግረኝ ኖሮ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ እያለ ለራሱ ሲያወራ እኔ ባልዲዬን ይዤ በአጠገቡ አልፌያለሁ።

አሁን ብናገር መልሰው ያስተኟትና ደሟ ፈስሶ ያልቃል። ዝም ብል ደግሞ በእኔ ውሃ ታንቃ ትሞታለች። ሁለቱም በእጄ ነው። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ምን ብላ ትናገር። እናቷ ሆስፒታል ትሠራለች፣ የምታደርገውን ታውቃለች ብላ የጠጣችው ነው።

የኦፕራሲዮኑ በር ጋ ቀይ መስመር አለ፤ የውጭ ጫማ ያደረገ ሰው አይሻገረውም። እኔ ሌላውን ሰው ስከለክል የኖርኩ ነኝ። ቃሬዛው ገባ፤ በሩ ሊዘጋ ሲል ጭቃ በነካው ጫማዬ ተሻገርኩና የሐኪሟን ጋውን ከኋላ ያዝኩት።

«ዶክተር፣ ዋሽቻለሁ። ውሃ ጠጥታለች።»

ዞር አለች። «መቼ?»

«አሁን፣ ከቤት ስንወጣ።»

«ምን ያህል?»

«ሁለት ትልቅ ጣሳ። አልፈልግም ብላኝ እኔ ነኝ ያስገደድኳት።»

«ለምን?»

«ፊኛዋ እንዲሞላ። ለማሽኑ።»

ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የከፋ ነገር ነው፣ ራሱም ጥፋቱ ውስጥ ያለበት ሰው ፊት ነበር። ሰመመን ሰጪው ግን ሰምቶ መጣ። ያው በክረምቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነው። ተቆጣኝ። «ሴትዮ፣ ስንት ዓመት እዚህ ውለሽ አድረሽ ይኼን አታውቂም?» አለኝ። ሐኪሟ ናት የመለሰችለት።

«እኛ ነን ያስተማርናት» አለች። «ጠጡ እያልን ሆዳቸውን ስንለማመድበት፣ ለመማሪያ ብቻ ነው፣ የተጎዳ ሰው አይጠጣም ብሎ የነገራቸው የለም።»

እሱ ወደ ውስጥ ዞሮ ቱቦ አምጡ ሲል ሰማሁት። እኔ አሁንም ጋውኗን አለቀቅሁም። ትመልሷታላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ለካ እንባዬ እየወረደ ነው።

«አንመልሳትም» አለችኝ። «ቀጠሮ ያለው ሰው ይመለሳል፤ የሚደማ ሰው አይመለስም። በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብተን ውሃውን እንስበዋለን። ሰመመን ሰጪውም ሲያደነዝዛት ሆዷ ሙሉ እንደሆነ አውቆ ተጠንቅቆ ነው። አሁን ስላወቅን እንጠነቀቃለን። ገባዎት?»

ገባኝ አልኳት። እጄን ከጋውኗ ላይ ራሷ አንድ በአንድ ፈታችውና ገባች። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ስለ መጠበቅ የሚጻፍ ብዙ ነገር የለም። ባለውይይቱ ደም ሰጥቶ ክንዱን አጥፎ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። የወልቂጤዋ ባልደረባዬ ያን ቀን ተረኛ ነበረች፤ ወሬውን ሰምታ መወልወያዋን ጥላ መጣች። መጀመሪያ ያደረገችው ቀይ መስመሩን አልፌ በጫማዬ ያስገባሁትን ጭቃ መጥረግ ነው። ጨርሳ ስትመጣ፣ «ማትሮኗ ብታይሽ ኖሮ ልጅሽን ትታ አንቺን ትቆርጥ ነበር» አለችኝ። ልስቅ ብዬ አቃተኝ። ትከሻዬን ተደግፋ ተቀመጠች። ዱዓ ለማድረግ ቃላቱን ብፈልግ ጠፉብኝ፤ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ ብቻ ስል ቆየሁ። ደክሞኝ ስለነበር መሀል ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ልጇ ቢላ ሥር ተኝታ የምታንቀላፋ እናት አለች ወይ? እኔ አንቀላፍቻለሁ።

አሥር ሰዓት ገደማ ሽማግሌው ሐኪም መጡ። ከቤት ነው የተጠሩት፤ ነጠላቸውን እንደለበሱ ነው። ወደ ውስጥ ገብተው ቆይተው ወጡ። ተነሣሁላቸው፤ ተቀመጪ ሳይሆን፣ ይቀመጡ አሉኝና እሳቸውም አግዳሚው ላይ አብረውኝ ተቀመጡ። ጣፊያዋ ለሁለት ተሰንጥቆ እንደነበር፣ መትረፍ ስላልቻለ አውጥተው ደሙን እንዳቆሙት፣ ልጄ እየተነፈሰች እንደሆነ ነገሩኝ። ሰው ያለ ጣፊያ እንደሚኖርም ነገሩኝ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ሲያጣጥፉ ቆዩ። ስለ ውሃው መስማታቸውን ያኔ አወቅሁ።

«እህቴ» አሉኝ በኋላ፣ «የሚያዩትን ሁሉ ያስረዷችሁ እያልኩ ስጨቀጭቃቸው፣ እኔ ራሴ የማጠጣችሁን ሳላስረዳ ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የኔም ጥፋት አለበት አልኳቸው፤ አለመጠየቄ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ሰዓት ግን ጥፋቱን ለመካፈል ጉልበቱም አልነበረኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ውሃው ወደ ሳንባዋ ገብቶ እንደሆነስ? ሲያደነዝዟት አላስመለሳትም አሉኝ። ቢሆንም ሁለት ቀን መጠበቅ አለብን፤ ትኩሳት ከመጣ፣ ሳል ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠራት ያኔ እናያለን አሉ።

እነዚያ ሁለት ቀናት ከእሁዱ ይልቅ ረዘሙብኝ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ያገኘው ሰው መልእክት ይንገረው ተብሎ ተልኮበታል። ማትሮኗ ፈቃድ ሰጥታኝ ልጄ አልጋ ሥር ካርቶን አንጥፌ ዋልኩ፣ አደርኩ። ባቃሰተች ቁጥር እነሣለሁ። አንዴ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ነርሶቹን ሁሉ ሰብስቤ አስቆጣኋቸው። ልጄ ማደንዘዣው ሲለቃት የመጀመሪያ ቃሏ ውሃ ነበር። መቼም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ምን እንደሚሆን ልነግራችሁ አልችልም። ጠጪ ማለት አቃተኝ፤ አትጠጪ ማለትም አቃተኝ። ነርሷን ጠራሁና እርጥብ ጥጥ ከንፈሯ ላይ አደረገችላት።

ነገሩን ለልጄ የነገርኳት ሰኞ ማታ ነው። እንድታውቀው ብዬ፣ ያጠጣኋት ውሃ ሊገድላት ይችል እንደነበር፣ ነርሷንም እንደዋሸኋት ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። «ታዲያ ነገርሻቸው አይደል» አለችኝ እንቅልፍ እየወሰዳት፣ ዓይኖቿ እየተከደኑ። ሌላ አልተነጋገርንበትም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወጣቷ ሐኪም ማሽኗን ራሷ እየገፋች ወደ ዋርዱ መጣች። ተረኛ አልነበረችም። ጄሉን በእጇ አሙቃ ቀባቻት፤ ስፌቱን ሳትነካ በዳር በዳር አየች። በቀኝ መስመሩ ነጭ ነው። በግራ ጣፊያው የነበረበት ቦታ ላይ አዲስ ጥቁር የለም። ከዚያ ማዳመጫዋን የልጄ ጀርባ ላይ አድርጋ ሁለቱንም ሳንባ አዳመጠች፤ አንዴ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ። የትኩሳት ወረቀቷን አየች። እኔ ራስጌ ቆሜያለሁ።

«ሳንባዋ ንጹሕ ነው» አለችኝ። «ደሙም ቆሟል። ከአደጋ ወጥታለች፣ እትዬ።»

እንደገና በይኝ አልኳት። እርስዎ ማለቱ ከአፌ ጠፍቶ ነበር፤ እሷም አላስተዋለችውም። እንደገና ነገረችኝ። ልጄ አልጋው ላይ ቀና ብላ ርቦኛል አለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከእሁድ ጀምሮ ወንበር እንኳ ላይ በወጉ አልተቀመጥኩም ነበር። ጀርባዬ ተሰብሯል፣ እጄ አሁንም በረኪና በረኪና ይሸታል። ልጄ ድናለች። እኔም ከፍርሃቱ ወጥቻለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።